ዕድልዎ ምን ያህል ነው?

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። መጻፍ የሚችል ሰው ሞልቶ ሳለ እኔ እስክሪብቶ መያዜ ድፍረት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ በጎልማሶች ክፍል ነው። ሥራዬ ጫማ መጠገን ነው። እስካሁንም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ እንደተበላሸ ጫማ ነው የማገላብጠው፤ ከየት በኩል እንደምጀምረው ግራ ይገባኛል። አስተማሪያችን «በደንብ ስለምታውቁት ሰው ጻፉ፤ የግድ ትልቅ ሰው አይሁን» ስላለን ነው። እኔ ደግሞ ከአንድ ሰው በቀር በደንብ የማውቀው የለኝም። ያቺም ታላቅ እህቴ ናት፤ እታለም ነው የምላት። ስህተት ካለበት የእኔ ነው፣ እሷ የለችበትም። ይህን ያልኩት ለፊደሉ ብቻ አይደለም፤ እያነበባችሁ ስትሄዱ ይገባችኋል።

እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ ነበር፣ እታለም አሥራ ሦስት። «ሁለታችንም ደንቁረን ከምንቀር አንዳችን እንማር» ብላ እኔን ትምህርት ቤት ሰደደችኝ፣ እሷ ሰው ቤት ልብስ ማጠብ ጀመረች። እኔ ደግሞ ገና ፊደል ሳልለይ የመምህሩን አርጩሜ ፈርቼ ጠፋሁ። ጠዋት ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ፣ ድልድይ ሥር ተቀምጬ እውላለሁ፣ ደወል ሲደወል ከልጆቹ ጋር ተቀላቅዬ እመለሳለሁ።

«ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ትለኛለች።

«መደመር።»

«ትናንትም መደመር ነበር።»

«ብዙ ነው እኮ የሚደመረው።»

ስኳር የተጠቀለለበት ጋዜጣ ስታገኝ ታለሰልሰውና «እስቲ አንብብልኝ» ትለኛለች። እኔም ዓይኔን ወረቀቱ ላይ ተክዬ ከልቤ ፈጥሬ አወራላታለሁ። አንድ ነጋዴ ጠፍቶ እንደተገኘ፣ አንዲት ላም ሦስት ጥጃ እንደወለደች። እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ ትሰማኛለች። ሁለት ዓመት እንዲህ ቆየን። ውሸቴ የታወቀው መምህሩ መንገድ ላይ አግኝቷት «ያ ወንድምሽ ታመመ እንዴ?» ሲላት ነው። አልመታችኝም። «ላሚቷስ? እሷም ውሸት ናት?» ብቻ አለችኝ። ቢመቱት የሚሻል ነገር አለ።

እታለም ሃያ ዓመት ሲሞላት የመጠጥ ፋብሪካ ተቀጠረች። ሥራዋ ጠርሙስ ማየት ነው። ይህን ስናገር ሰዎች ይስቃሉ፤ ጠርሙስ ማየትም ሥራ ሆኖ ይላሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ባዶው ጠርሙስ ከየመጠጥ ቤቱ ተሰብስቦ ይመጣና ማሽን ያጥበዋል። ከታጠበ በኋላ በሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ላይ ተሰልፎ በአንድ የበራ ነጭ ሰሌዳ ፊት ያልፋል። እታለም መደገፊያ በሌለው በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሆዱን ታየዋለች። ዝንብ፣ ገለባ፣ የሲጋራ ቁራጭ፣ ስንጥቅ ካለው በአንገቱ ይዛ ታወጣዋለች። አንዴ ዓይኗን ከጨፈነች ሦስት ጠርሙስ ያመልጣታል። ስለዚህ በየሃያ ደቂቃው ይቀያየራሉ፤ አንዷ ብርሃኑ ላይ ስትቀመጥ ሌላዋ ሣጥን ትደረድራለች፣ ዓይን እንዲያርፍ።

በዚህ ሥራ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቆየች። የሥራ ባልደረቦቿ «ንስሯ» ይሏት ነበር። ሌላው ያላየውን፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ እሷ ታያለች። አንድ ቀን ጠርሙስ ውስጥ ተጠቅልሎ የገባ ደብዳቤ አግኝታ ለሚያነቡት ሴቶች ሰጠቻቸው። ሁሉም የፍቅር ነው ብለው ከበቡት። ሲፈታ «ሐሙስ አልመጣም» ብቻ ይላል። እቤት መጥታ ስትነግረኝ «ለዚች ነው ጠርሙስ ውስጥ ድረስ የገባው?» እያለች ሆዷን ይዛ ሳቀች። ያኔ ሳቅ ምንም አያደርጋትም ነበር።

እንቅልፉ መቼ እንደጀመራት በትክክል አላውቅም፣ ደብቃኝ ስለነበር። እኔ መጀመሪያ ያወቅሁት ከጫማዋ ነው። የግራ ጫማዋ ውስጠኛው ሶል ከተረከዙ በላይ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ይበሳል። ለጠፍኩላት። በወሩ ተበሳ። ደገምኩት። በሦስተኛው «አንቺ፣ እግርሽ ላይ ቀንድ አለ እንዴ?» ብዬ ተቆጣኋት። አንድ እሑድ ጫማዋን ሳራግፍ ጠጠር ወደቀ፤ የባቄላ ፍሬ የምታክል፣ ባለ ጠርዝ። አንስቼ ልጥላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተዋት፣ የሥራ ናት።»

«ጠጠር ምን ሥራ አለው?»

«ሰሌዳው ፊት ስቀመጥ እንቅልፍ ይመጣብኛል። እሷን እረግጣታለሁ። ስታመኝ እነቃለሁ።»

«ሌሊት አትተኚም?»

«እተኛለሁ እንጂ። አንተ ከምትተኛው በላይ እተኛለሁ። የቀኑ ነው የማይለቀኝ። እንደ አበዳሪ ቆሞ ይጠብቀኛል።»

ከዚያ በኋላ ነው ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት። ሰው ሲቀልድ ትሸሻለች። ለካ ስትስቅ ጉልበቷ ይከዳታል፣ አንገቷ ይዘነበላል፣ ከንፈሯ ይላላል። ነገሩ ግማሽ ደቂቃ እንኳ አይሞላም፣ ግን ሰው ፊት ያዋርዳል። «ወሬህን አሳጥረው፣ እንዳታስቀኝ» ትለኝ ጀመር። ቀልደኛ የነበረችው ሴት እንደ ሐዘንተኛ ተኮሳተረች። ጎረቤቶች «ኩራት ጀመራት» አሉ።

አንድ ቀን አንድ ጠርሙስ የመስታወት ስባሪ በሆዱ እንደያዘ በእሷ ተራ አለፈ። መጨረሻ ላይ ያለው ተቆጣጣሪ ባይዘው ኖሮ ሰው ሊጠጣው ነበር። የፈረቃ አለቃው ሲመጣ እታለም ዓይኗ ተከፍቶ፣ ፊቷ ወደ ሰሌዳው እንደዞረ፣ ተኝታለች። ደጋግሞ ጠራት። በአራተኛው ነቃች።

«ንስሯ አሸለበች!» አለ ጮክ ብሎ። «ትራስ አምጡላት!»

ከዚያ ቀን በኋላ ስሟ «ትራስ» ሆነ። ገና በር ላይ ስትታይ «ትራሷ መጣች» ይላሉ። እሷም እንዳያስቋት ትፈራለች፤ የከፋባት ግን ስሙ ሳይሆን ትርጉሙ ነበር። በእኛ ዘንድ እንቅልፋም ማለት ሰነፍ ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ስንፍና ደግሞ ከሌብነት አንድ ደረጃ ነው የሚያንሰው። ልብስ አጥባ ወንድሟን ያሳደገች ሴት ይህን ስትባል እንዴት እንደሚያቃጥል መጻፍ አልችልም፣ ቃሉን ገና አልተማርኩትም።

የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ ጠርቶ እንዲህ አላት። «ሕመም ከሆነ ከሐኪም ወረቀት አምጪ። ወረቀት ካለሽ ሣጥን መደርደሩ ላይ እንመድብሻለን፣ እዚያ ቆመሽ ስለሆነ የምትውይው አትተኚም። ወረቀት ከሌለሽ ግን ግዴለሽነት ነው፣ ትሰናበቻለሽ። እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ አለሽ።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ተንጠለጠለ።

የእንቅልፍ ሐኪም የሚባል እንዳለ እኔ አላውቅም ነበር። ሆስፒታሉ ውስጥ ጫፍ ላይ ሁለት ክፍል አላቸው፣ አንዱ ውስጥ አልጋ አለ። በሽተኛው እዚያ አልጋ ላይ በአንድ ቀን ውስጥ አምስት ጊዜ እንዲተኛ ይደረጋል፣ ራሱ ላይ ሽቦ ይለጠፍበታል፣ በስንት ደቂቃ እንቅልፍ እንደወሰደው ማሽኑ ይቆጥራል። አልጋዋ ግን አንድ ናት። እንደ ዳቦ ቤት ሰልፍ ብዙ ሰው ይጠብቃታል። ስለዚህ መጀመሪያ ወረቀት ያስሞላሉ። ስምንት ጥያቄ ነው። ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ ሦስት ነጥብ ይሰጣል። ከአሥር በላይ ያመጣ አልጋው ላይ ይተኛል። ይህን ሁሉ ግን ያወቅሁት በኋላ ነው፤ ያን ቀን የነገረን የለም፣ እኛም አልጠየቅንም።

ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። አጠገባችን መነጽር ያደረገ ሰውዬ መጽሐፍ እያነበበ ነበር። አንዲት ነርስ ወረቀቱን ይዛ መጣችና በትሕትና ጠየቀችን።

«ማንበብ ትችላላችሁ ወይስ ላንብብላችሁ?»

ያን ጊዜ ጎልማሶች ክፍል ከገባሁ አምስት ወሬ ነበር። ፊደሉን ለይቼ ነበር፣ ማያያዙ ግን ያስቸግረኛል። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ቀና ብሎ አየን። እታለምም አየችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አይታኝ አታውቅም፤ እንደምኮራባት፣ አይ፣ እንደምትኮራብኝ፣ እንዴት እንደሚባል እንጃ። ብቻ ጠበቀችኝ።

«እኔ አነባለሁ፣ ሲስተር» አልኩ።

ነርሷ እስክሪብቶ ሰጥታኝ ሄደች። ያቺን ቃል ዛሬ መልሼ ብውጣት በወደድኩ።

ወረቀቱ አናት ላይ ዋናው ጥያቄ ተጽፏል። ጣቴን አስኬድኩበት። «ከዚህ በታች ባሉት... ሁኔታዎች... የማን... የማንቀ... የማንቀላፋት ዕድልዎ ምን ያህል ነው?»

«ምን አለ?»

«የማንቀላፋት ዕድልሽ ምን ያህል ነው ይላል።»

«ዕድሌ?»

«ዕ፣ ድ፣ ል። ይኸውልሽ።» ጣቴን አሳየኋት፣ የምታነብ ይመስል።

«አሁን ይሄ ይጠየቃል? የማንቀላፋት ዕድል ያለው ሰው እዚህ ምን ይሠራል፣ እቤቱ ተጋድሞ አይተኛም?»

አሳቃት። ድንገት ነው የመጣባት። አንገቷ እንደ ታረደች ዶሮ ተንጠለጠለ፣ እጇ ከጭኗ ላይ ወደቀ። በትከሻዋ ያዝኳት። ባለ መነጽሩ ሰውዬ ፊቱን አዞረ። ነርሷ ከመስታወቱ ወዲያ ካርድ ትፈልጋለች። ግማሽ ደቂቃ። ከዚያ ቀና ብላ አፏን ጠረገች። ዶክተሩ ያን ጊዜ በሩን ከፍቶ ቢያያት ኖሮ ወረቀትም አያስፈልግም ነበር እላለሁ አሁን። አልከፈተም።

መልሶቹም ተጽፈዋል። ዜሮ፣ ምንም ዕድል የለኝም። አንድ፣ ትንሽ ዕድል አለኝ። ሁለት፣ መካከለኛ። ሦስት፣ ከፍተኛ ዕድል አለኝ። ፊደሉን እንደ ክር እየፈተልኩ አነበብኩላት።

«ቁጭ ብለው ሲያነቡ።»

«ሳነብ? ዜሮ በላ።»

«ቴሌቪዥን ሲያዩ።»

«የማን ቴሌቪዥን? ጎረቤት ቤት ነው፣ እሱንም ቆሜ ነው የማየው። ከተቀመጥኩ ያዋርደኛል። ዕድል የለኝም።»

ዜሮ ጻፍኩ።

«ስብሰባ ላይ ሲቀመጡ።»

«ጠጠሬ እያለች? ምን ዕድል አለኝ!»

ዜሮ።

«ከሰው ጋር ተቀምጠው ሲያወሩ።»

«ከሰው ጋር መቀመጥ ከተውኩ ቆየሁ እኮ። አንተ ነህ ያለኸኝ።»

ዜሮ። ከሰዓት በኋላ ጋደም ሲሉ ለሚለው «እሑድ እሑድ ትንሽ ዕድል አለኝ» ብላ አንድ ሆነ። በመኪና ሲጓዙ ለሚለው አንዴ ጎረቤት በመኪናው ለቅሶ ያደረሰን ጊዜ መተኛቷ ትዝ አላት፣ አንድ። የቀሩት ሁለቱም ዜሮ። ከምሳ በኋላ ጸጥ ብለው ሲቀመጡ ለሚለው ምን እንዳለች አስታውሳለሁ፤ «ጸጥ ብሎ መቀመጥ! ይቺን ዕድል ማን ሰጥቶኝ» አለች። በሚገባ እንደሠራ ተማሪ ወረቀቱን አጥፌ ሰጠሁ።

ነርሷ ደመረችው። መደመር አይከብድም ነበር።

«ሁለት» አለች።

«ከስንት?»

«ከሃያ አራት።»

ደነገጥኩ። «ወደቀች?»

«ኧረ አልወደቁም፣ ደኅና ናቸው ማለት ነው!» ብላ ፈገግ አለች። እኔም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ዶክተሩ እሱ ራሱ ያልተኛ ይመስል ነበር፤ ሁለቴ አዛጋ። ወረቀቱን ተመለከተ። እታለም እጇን አጣምራ ቆማለች።

«ዶክተር፣ እኔ እኮ ሥራ ላይ...»

«እዚህ ምንም ዕድል የለኝም ብለዋል እኮ።»

«አዎ፣ የለኝም።»

«በስብሰባም? በወሬም?»

«ኧረ ከየት መጥቶ።»

«እንግዲያውስ የእንቅልፍ በሽታ የለብዎትም። ድካም ነው። ራስዎን ያሳርፉ።»

አየችኝ። እኔ ምን ልበል፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ጫማዋን አውልቄ ጠጠሯን ባሳየው ኖሮ ብዬ ስንት ቀን አስቤያለሁ። የጠየቀን ግን ስለ ዕድል እንጂ ስለ ጫማ አልነበረም። ማኅተም ያለበት ወረቀት ሰጠን። እቤት ሄጄ ቀስ ብዬ አነበብኩት። «ከመጠን ያለፈ የቀን እንቅልፍ አልተገኘባቸውም» ይላል።

የሰው ኃይል ክፍሉ ሰውዬ ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና በመዳፉ ደባበሰው።

«ወረቀት ባታመጪ ይሻልሽ ነበር። ሐኪሙ ራሱ ደኅና ነሽ እያለሽ ነው። ደኅና የሆነ ሰው ሥራ ላይ ከተኛ ምን ይባላል?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ደብዳቤ አለቀ። ጋዋኗን መልሺ ቢሏትም «አጥቤ አመጣለሁ» ብላ ይዛው መጣች። አጥባ፣ ተኩሳ፣ የላላውን ቁልፍ አጥብቃ ሰቀለችው። አልመለሰችውም። ይጠሩኝ ይሆናል ብላ ነው፣ ባትነግረኝም አውቃለሁ። በየጠዋቱ የመጀመሪያው ፈረቃ ፉጨት ሳይነፋ ትነሳለች፣ ጫማዋን ታደርጋለች፣ ጠጠሯም ውስጡ አለች። ከዚያ የሚሄድበት የለም። አልጋው ጫፍ ላይ ትቀመጣለች። ሌላ ፋብሪካ ሞከረች፤ ለምን ወጣሽ ሲሏት ደብዳቤዋን ታሳያለች፣ ደብዳቤው ደግሞ ስንፍናዋን ይናገራል። ልብስ ማጠብ ጀመረች፤ ገንዳ ላይ እንቅልፍ ጥሏት እጅጌዋ ውኃ ውስጥ ገብቶ ሴትየዋ አባረረቻት።

እንዲህ ሰባት ወር ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን ከሆስፒታሉ ተደወለና አንዲት ወጣት ሴት ከሰዓት በኋላ እቤታችን መጣች። ጥናት ነው የምትሠራው። ሰውን አክብራ ነው የምታናግረው፣ እኛ በርጩማ ላይ ስንቀመጥ እሷ ወንበር እንቢ ብላ በርጩማ ፈለገች።

«ያ የሞላችሁት ወረቀት ከሌላ ቋንቋ ተገልብጦ የመጣ ነው» አለችን። «ዝቅተኛ ነጥብ ያመጡ ሰዎችን በሌላ ምክንያት አልጋው ላይ ስናስተኛቸው አንዳንዶቹን በሁለት ደቂቃ እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ሰዎቹ ሊዋሹ አይችሉም፤ መለኪያው ነው የዋሸው አልን። አሁን እያስተካከልነው ነው፣ ለዚህ ነው እየዞርኩ እንደገና የምጠይቀው። ማንም እንዲያነብ አናደርግም፣ በቃል ነው።»

ወደ እታለም ዞረች። «እትዬ፣ ቁጭ ባሉበት፣ ሳይፈልጉት እንቅልፍ ጥሎዎት ያውቃል?»

«ይጥለኛል እንጂ! ሲጥለኝ ነው የኖርኩት።»

«እሳት ላይ ድስት ጥደው?»

«ሦስት ድስት አሳርሬያለሁ። ይሄ ምስክር ነው።»

«ሰው እያናገርዎት?»

«አንቺንም ፈርቼ ነው ነቅቼ የቆየሁት፣ ልጄ።»

ልጅቷ እየጻፈች ሄደች። ስትጨርስ ደመረች። ወረቀቱን ወደ ራሷ ገለበጠችው፣ ግን አይቼዋለሁ፣ ቁጥር ማንበብ ከፊደል ይቀለኛል። ሃያ ሁለት።

ያኔ ተነስቼ የግራ ጫማዋን አመጣሁ። ለምን እንዳመጣሁት ራሴም አላውቅም። ሶሉን ገልጬ ሰባት ጊዜ የለጠፍኩትን ቦታ አሳየኋት። ጠጠሯን እጇ ላይ አደረግሁላት። ልጅቷ ጠጠሯን አገላብጣ አየቻት። ከዚያ ጻፈች፤ ጮክ ብላ እያነበበች ነው የጻፈችው። «ነቅተው ለመቆየት ብለው ራስዎን የሚያሳምሙበት ነገር አለ?» «ይህን ጥያቄ እንጨምረዋለን» አለች። «እስካሁን ያሰበው የለም።»

ፈራ ተባ እያልኩ ጠየቅኋት። «የበፊቱ ወረቀት ላይ ያለው ዕድል ግን... ምን ማለቱ ነው?»

«እሱማ ሊሆን ይችላል ወይ ለማለት ነው። ይወስድዎታል አይወስድዎትም ለማለት። ሎተሪ እንደማለት አይደለም...» ሳትጨርሰው ገባት። ለእኔም ገባኝ። ነርሷ አንብባልን ቢሆን፣ እታለም «ዕድሌ?» ብላ ስትጠይቅ መልስ ታገኝ ነበር። እኔ ግን ዕ፣ ድ፣ ል ብዬ ጣቴን አሳየኋት።

«ታዲያ» አልኩ፣ «ሃያ ሁለት ነው ብላችሁ ለፋብሪካው ወረቀት ትጽፉልናላችሁ?»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። አዲሱ መጠይቅ ገና አልጸደቀም፣ በሱ ወረቀት መስጠት አይቻልም። ጥናቱ ላይ ስም የለም፣ እታለም ቁጥር አርባ አንድ ናት። አልጋው ላይ ለመተኛት እንደ አዲስ ተመዝግባ መጠበቅ አለባት። «ስንት ጊዜ?» አልኳት። «አሥራ አራት ወር። አዝናለሁ፣ እትዬ። ከእርስዎ በኋላ ለሚመጡት ግን በጣም ይጠቅማል።»

«ይጥቀማቸው» አለች እታለም።

ሰንሰለቱ ፊት የነበረውን ቦታዋን አንዲት ሌላ ሴት ይዛዋለች፣ ይህን ከሰማን ሦስት ወር አልፎናል። በአሥራ አራት ወር ውስጥ ማን ያስታውሳታል? እንኳን ንስሯን፣ ትራሷንም ይረሷታል።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ ወለሉ ላይ ነበረች። ቁጭ አልን። እታለም ጠጠሯን በጣቶቿ ታሽከረክራለች።

«እኔ እኮ አልዋሸኋቸውም» አለች። «ዕድሌን ጠየቁኝ፣ እውነቱን ነገርኳቸው።»

ልትስቅ ስትል ከንፈሯን ነከሰች።

ያን ጊዜ ልንገራት ቆረጥኩ። ዓይኗን ማየት ስላልቻልኩ ወለሉን እያየሁ ነው የተናገርኩት። ነርሷ ላንብብላችሁ ብላ እንደነበር ታስታውሻለሽ፣ አልኳት። እኔ ነኝ እንቢ ያልኩት። መማር ከጀመርኩ ገና አምስት ወር ነበር፣ ግማሹን በግምት ነው ያነበብኩልሽ። ያ መነጽር ያደረገ ሰውዬ እያየን ስለነበር ነው። አንቺም ስላየሽኝ ነው። የላሚቷን ነገር ልክስሽ ብዬ ነው፣ እታለም። እንደ ድሮው ነው ያደረግሁሽ፣ ጋዜጣ እንዳነበብኩልሽ። ብዙ አወራሁ። እንደዚያ አውርቼ አላውቅም።

ስጨርስ ቀና አልኩ። ተኝታለች። አንገቷ ግድግዳው ላይ፣ ጠጠሯ መዳፏ ውስጥ። የቱ ቃል ላይ እንደተኛች አላውቅም። የቱን ሰማች፣ የቱ አመለጣት? ስትነቃ «ምን ትለኝ ነበር?» አለችኝ። «ምንም» አልኳት። ሁለተኛ ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም። ምናልባት ሰምታ ይሆናል የጠየቀችኝ። ምናልባት አልሰማችም። ይህን ወረቀት ለዚያ ነው የጻፍኩት፤ እሷ ግን ማንበብ አትችልም፣ ማን እንደሚያነብላትም እንጃ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዷ ፉጨቱ ሳይነፋ ተነሳች። ጋዋኗን ከመስቀያው አወረደች፣ በአራት አጠፈችው፣ በላስቲክ ከረጢት አድርጋ ወጣች። የፋብሪካው ጥበቃ «ትራሷ፣ ተጠራሽ እንዴ?» አላት አሉ። ከረጢቱን ሰጥታው፣ መዝገቡ ላይ በአውራ ጣቷ ፈርማ ተመለሰች። ጫማ ወደምጠግንበት መንገድ ዳር መጣች። የደንበኛ በርጩማዬ ላይ ተቀመጠች፣ የግራ ጫማዋን አወለቀች፣ ጠጠሯን አራግፋ ከሚስማሮቼ አጠገብ አስቀመጠቻት።

«ቀዳዳውን ድፈነው» አለችኝ። «ከእንግዲህ አይበሳም።»

ክሩን መርፌው ውስጥ ሳላስገባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገደኛው ሁሉ እያያት፣ ጀርባዋን ግድግዳው ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እንቅልፉን አልታገለችውም።